ዴክሳሜታዞን 6፣ 12 ወይስ 20 ሚሊግራም? በጽኑ የቫይረስ የሳንባ ሕመም ለተኙ ታካሚዎች የስቴሮይድ ምርጫና መጠን፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በኮቪድ-19 ሳንባው ተጎድቶ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ስቴሮይድ (እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) ሲታሰብ አራት ውሳኔዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው፣ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን። በተኝቶ ታካሚ ክፍሎቻችን አብዛኛው ክርክር የሚያርፈው በመካከለኞቹ ሁለት ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ግን የታካሚውን ዕጣ ከሁሉም በላይ የሚወስነው የመጀመሪያው ሲሆን፣ የመድኃኒቱ ዓይነት ከአራቱ ሁሉ ያነሰ ክብደት አለው። ይህ ጽሑፍ በፈለገ ሕይወት፣ በጥበበ ግዮን ወይም በአዲስ ዓለም ሆስፒታል፣ እንዲሁም ታካሚዎቻቸውን ወደ ባሕር ዳር በሚልኩ የሐይቁ ዙሪያ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች የታሰበ ነው። ቤት ውስጥ ሳል የያዘው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ገዝቶ እንዲውጥ የሚመክር አንድም መስመር የለበትም፤ እንዲያውም ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የሚናገሩት ተቃራኒውን ነው።

ኦክስጅን የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው

የምርጫው ሁሉ መነሻ በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተሰኘው ጥናት ነው። ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ሲሆን፣ 2104 ታካሚዎች በቀን አንድ ጊዜ 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን እስከ 10 ቀን ሲሰጣቸው፣ 4321 ታካሚዎች ደግሞ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አግኝተዋል። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በመጀመሪያው ምድብ 22.9 በመቶ፣ በሁለተኛው 25.7 በመቶ ነበሩ። ይህ አማካይ ቁጥር ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩት ተለይተው ሲታዩ ሞት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ወርዷል፤ ኦክስጅን እየተሰጣቸው መሣሪያ ላይ ባልገቡት ደግሞ ከ26.2 ወደ 23.3 በመቶ ብቻ ነው የወረደው። ኦክስጅን ጨርሶ ባላስፈለጋቸው ታካሚዎች ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው 17.8 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 14 በመቶ ሞተዋል። ይህ የመጨረሻው ልዩነት በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ጉዳት ባይባልም፣ ጥቅም እንዳልታየበት ግን ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ባወጣው መመሪያ ለጽኑና ለአስጊ ሕመም ስቴሮይድ እንዲሰጥ አጥብቆ ሲመክር፣ ለቀላል ሕመም ግን እንዳይሰጥ መክሯል።

ምክንያቱ ከሕመሙ አካሄድ ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጉዳቱን የሚያደርሰው በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ ስለሆነ የሰውነትን መከላከያ ማዳከም አይጠቅምም፤ ከዚያ በኋላ ሳንባን የሚጎዳው የሰውነት የራሱ ብግነት ሲሆን ስቴሮይድ የሚያበርደውም ይህንኑ ነው። በሪከቨሪም ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ምልክት ከጀመራቸው ከ7 ቀን በላይ በሆናቸው ታካሚዎች ላይ ነበር። ስለዚህ የታካሚውን ካርድ ስንሞላ «ሳልና ትኩሳት ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ቁጥር መመለስ ያስፈልጋል። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሰው «ከርሟል» ብሎ ሲመልስ፣ ከየትኛው በዓል ወይም ከየትኛው የገበያ ቀን ወዲህ እንደሆነ ጠይቆ ቀኑን ማስላት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

በዚህ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጽኑ ሕመም ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ ያለ ኦክስጅን ድጋፍ በጣት መለኪያ ከ90 በመቶ በታች የሆነ የደም ኦክስጅን ንባብ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የጤነኛው ሰው ንባብም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከደብረ ታቦር 89 ተብሎ ተጽፎለት የተላከ ታካሚ ባሕር ዳር ሲደርስ 92 ቢያነብ፣ ወይ ተሽሎታል ወይም መንገዱን ቁልቁል ወርዶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ (በአዋቂ ከ30 በላይ ከሆነ ጽኑ ነው)፣ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ መቻሉን፣ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ጣቱ የቀዘቀዘ ወይም በጥቁር ሂና የተቀባ ከሆነም ንባቡ ሊዛባ ስለሚችል ጣቱን አሙቆ ወይም ሌላ ጣት ላይ አድርጎ እንደገና መለካት ይገባል።

6፣ 12 ወይስ 20

በኦክስጅን ላይ ላለ ታካሚ መደበኛው መጠን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በቀን አንድ ጊዜ ነው። ለአዋቂ በክብደት አይሰላም። «ለከባድ ሕመም ከባድ መጠን» የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ውስጥ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ መስጠትን የመረመሩ ሁለት ጥናቶችን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ኮቪድ ስቴሮይድ 2 የተባለው ሲሆን በዴንማርክ፣ በሕንድ፣ በስዊድንና በስዊዘርላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ታካሚዎቹ ቢያንስ በደቂቃ 10 ሊትር ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ፤ ግማሾቹ 12፣ ግማሾቹ 6 ሚሊግራም ወስደዋል። በ28 ቀን የሞቱት 12 ከወሰዱት 27.1 በመቶ፣ 6 ከወሰዱት 32.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ለ12 ያደላ ቢመስልም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው ወሰን አልወጣም። ስለዚህ በከፍተኛ የኦክስጅን ፍሰት ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ላለና እየባሰበት ለሄደ ታካሚ አንድ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም 12 ሚሊግራም ቢመርጥ ተሳስተሃል የሚያሰኘው አይሆንም፤ 6 ላይ ቢጸናም እንዲሁ።

ሁለተኛው የሪከቨሪ ቡድን ራሱ ያካሄደው ሲሆን መልሱ ከዚህ የጠነከረ ነው። የኦክስጅን እጥረት ኖሮባቸው በተራ ኦክስጅን ብቻ የሚታገዙ ወይም ገና ያልተሰጣቸው ታካሚዎች በቀን 20 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ቀጥሎ 10 ሚሊግራም ለ5 ቀን ሲወስዱ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተነጻጸሩ፤ የተለመደው ሕክምና በአብዛኛው ያው 6 ሚሊግራም ነበር። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 659 ታካሚዎች 123ቱ (19 በመቶ)፣ ከሌሎቹ 613 ደግሞ 75ቱ (12 በመቶ) ሞቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ለእነዚህ ታካሚዎች ጥናቱ እንዲቆም ተደረገ። ከኮቪድ ውጪ በሆነ ምክንያት የሳንባ ምች የያዛቸው 10 በመቶ ከ6 በመቶ፣ የደም ስኳራቸው ጨምሮ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያስፈለጋቸው 22 በመቶ ከ14 በመቶ ነበሩ። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 4 ሊትር እየተሰጠው ላለ ታካሚ 20 ሚሊግራም ማዘዝ እንግዲህ ጉዳት እንዳለው እየታወቀ የሚደረግ ነገር ሆኗል።

ይህንኑ 20 ከዚያም 10 የሚል አሰጣጥ የሚደግፍ የብራዚል ጥናት መኖሩን የሚያነሡ አሉ። እውነት ነው፤ ኮዴክስ በተባለው ጥናት 299 በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ታካሚዎች ተካተው ከመሣሪያ ነፃ የሆኑባቸው ቀናት ከ4 ወደ 6.6 አድገዋል። ነገር ግን ንጽጽሩ ከ6 ሚሊግራም ጋር አልነበረም፤ በጥናቱ እቅድ ስቴሮይድ ካልታዘዘላቸው ጋር ነው። ስቴሮይድ ከምንም እንደሚሻል ያሳያል እንጂ ብዙው ከጥቂቱ እንደሚሻል አያሳይም።

የትኛው መድኃኒት፦ በመጋዘን ያለው

የዴክሳሜታዞን 6 ሚሊግራም ከ40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ከ32 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ወይም ከ150 እስከ 160 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ጋር በግምት እኩል ኃይል አለው። ዴክሳሜታዞን ሲያልቅ ሕክምናው መቋረጥ የለበትም፤ ከእነዚህ በእጅ ያለውን በተመጣጣኝ መጠን መተካት ይበቃል። ፕሬድኒሶሎን ባለ 5 ሚሊግራም እንክብል ከሆነ በቀን 8 ፍሬ ማለት ነው። ታካሚው ቁጥሩን ሲሰማ ይደነግጣልና አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ 20 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በዚሁ ስሌት ወደ 27 ፍሬ ፕሬድኒሶሎን ይሆናል፤ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው ይህ ይመስለኛል።

ልዩነታቸው በዋናነት በቆይታና በጨው ላይ ነው። የዴክሳሜታዞን ሥራ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ስለሚቆይ በቀን አንዴ ይበቃል፣ ጨውና ውኃም በሰውነት አያከማችም። ሃይድሮኮርቲዞን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ 50 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ ጨው ያጠራቅማል፣ ፖታሲየምም ያስወጣል። አንድ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ ታካሚ በሚይዝበት ክፍል የሌሊቱ መርፌ የመዘለል ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሁለቱም ካሉ እኔ ዴክሳሜታዞንን እመርጣለሁ። ሃይድሮኮርቲዞን የሚቀድምበት አንድ ግልጽ ሁኔታ አለ፤ ታካሚው በኢንፌክሽን ምክንያት ደም ግፊቱ ወርዶ ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ላይ ከሆነ 50 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ለሁለቱም ችግር ያገለግላል። ያኔ ዴክሳሜታዞን በላዩ መደረብ የለበትም።

በትእዛዝ አጻጻፍ ረገድ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ስሕተት ታመጣለች። በብዛት የምናገኘው አምፑል በ1 ሚሊሊትር 4 ሚሊግራም የያዘው ነው። ስለዚህ 6 ሚሊግራም ማለት 1.5 ሚሊሊትር፣ ማለትም አንድ ተኩል አምፑል ነው። ግማሹ እንዳይጣል ሲባል አንዱ ፈረቃ አንድ አምፑል (4)፣ ሌላው ሁለት (8) ሲሰጥ ይታያል፤ ትእዛዙ «ዴክሳ 1 አምፑል በቀን ሁለቴ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ማንም ሳያስበው 8 ሚሊግራም ይሆናል። መጠኑ ምንጊዜም በሚሊግራም፣ ከመጀመሪያው ቀን ከሚቆጠር የቀን ቁጥር ጋር («6 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ 3ኛ ቀን ከ10») ይጻፍ። በደም ሥር ሲሰጥም በደቂቃዎች ቀስ እየተባለ ይገፋ፤ በፍጥነት ሲገፋ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ድንገተኛ የማቃጠልና የማሳከክ ስሜት ያመጣል፤ ብዙ ታካሚዎች በተለይም እናቶች አፍረው ስለማይናገሩት ከመርፌው በፊት መንገር ይሻላል።

መርፌ ወይስ እንክብል

መዋጥ ለሚችል፣ የማያስመልሰው፣ አንጀቱ በደንብ ለሚሠራ ታካሚ የሚዋጠው ዴክሳሜታዞን በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር እኩል ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ሪከቨሪም ሁለቱንም መንገድ ይፈቅድ ነበር። አስታማሚዎች «ዶክተር፣ መርፌ ያድርጉለት፣ እንክብሉ አይበቃውም» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ መርፌ በእኛ ዘንድ ክብር አለው። ይሁን እንጂ ካኑላ (በደም ሥር ውስጥ የሚተወው ቀጭን ቱቦ) በቆየ ቁጥር የደም ኢንፌክሽን በር እንደሚከፍትና አምፑሉ ለማይውጠው ጽኑ ታካሚ መቆጠብ እንዳለበት ማስረዳት የሐኪሙ ድርሻ ነው።

ከመጀመሩ በፊት በጣና ዙሪያ የሚጠየቅ

ጥናቶቹ በአብዛኛው የተካሄዱት ከእኛ በተለየ የበሽታ ምድር ነው፤ ስለዚህ ይህ ክፍል ከመጠኑ ክርክር የበለጠ ጊዜ ይገባዋል።

ቀዳሚው ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ነው። የትሉ እጭ ከእርጥብ አፈር በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፣ በሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካም ለአሥርተ ዓመታት ያለ ምልክት ሊኖር ይችላል። በሐይቁ ዳርና በፎገራ የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ገበሬ ሊጋለጥ የሚችል ሰው ነው። ስቴሮይድ ሲሰጥ ትሉ ያለ ልክ ይባዛል፤ ከአንጀት ወጥቶ ሲሰራጭ የአንጀት ባክቴሪያን ወደ ደምና ወደ አንጎል ሽፋን ይዞ ስለሚሄድ፣ ታካሚው ኮቪዱ እየተሻለው ሳለ በድንገት በደም መመረዝ ሊሞት ይችላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ንጹሕ መሆኑ አያስተማምንም፤ ተራው ማይክሮስኮፕ ብዙውን ይስታል። አልቤንዳዞል ለዚህ ትል ደካማ ነው፤ ተመራጩ አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው። ተጋላጭነቱ ግልጽ ለሆነ ታካሚ የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ከስቴሮይዱ ጋር አብሮ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ። አይቨርሜክቲን እዚህ የሚሰጠው ለትሉ ነው፤ ለኮቪድ እንደማይጠቅም ተመርምሮ ታውቋል፣ ሁለቱ በካርዱ ላይ እንዳይምታቱ ምክንያቱ ይጻፍ።

የሳንባ ነቀርሳ ሌላው ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ፣ የከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው ታካሚ አክታው ይመርመር፤ ስቴሮይዱ ግን ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው እስከ ውጤቱ አይዘግይ። ቀድሞ የቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) መድኃኒት የጀመረ ከሆነ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ስቴሮይድን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የተለመደው መጠን ሊያንስ ይችላልና ከውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋር መመካከር ያስፈልጋል። በተቃራኒው ሪቶናቪር ያለበት የሁለተኛ ደረጃ የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያለ ታካሚ ስቴሮይዱ በሰውነቱ ይከማቻል። ዶሉቴግራቪር ያለበት የተለመደው ሕክምና ላይ ያሉት ግን በዚህ አጭር ጊዜ ለውጥ አያስፈልጋቸውም።

በወባ ወቅት ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ደሙን መመርመር ሳይባል የሚታወቅ ነው። በሊቦ ከምከምና በፎገራ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) ወረርሽኝ ስለነበረ፣ ጣፊያው ያበጠና የከሳ ታካሚ ከዚያ አቅጣጫ ሲመጣ ይህንንም ማሰብ ይገባል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆነች ዴክሳሜታዞን እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ስለሚደርስ በምትኩ 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ወይም 80 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ሁለቴ ይመረጣል። ለልጆች የዴክሳሜታዞን መጠን በኪሎ 0.15 ሚሊግራም ሲሆን ከ6 ሚሊግራም አይበልጥም፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 3 ሚሊግራም ይሆናል።

የስኳር ሕመም ስቴሮይድን አይከለክልም፣ ክትትሉን ግን ያጠብቃል፤ ስኳር እንደሌለበት የሚያውቅ ሰውም ይለካ። ጠዋት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው በማግስቱ በባዶ ሆዱ ሲለካ ደህና ሆኖ ከቀትር በኋላ ሊያሻቅብ ስለሚችል የጠዋቱ ልኬት ብቻ ያታልላል፤ በዴክሳሜታዞን ደግሞ ጭማሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ ታካሚዎች አሉ፤ ለነርሷ ሳይናገሩ የጠዋቱን ኢንሱሊን ተወግተው ምግቡን ለአስታማሚ የሚሰጡም አይታጡም። ስለዚህ ኢንሱሊን ከመስጠት በፊት «ቁርስ በልተዋል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ አልበላም የሚሉ ከሆነ የነፍስ አባታቸው መጥተው ሕመምተኛ ከጾም የተፈቀደለት መሆኑን እንዲነግሯቸው ማድረግ ከሐኪም ምክር ይልቅ ይሠራል።

ቫይረሱ ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ

እዚህ ላይ የኮቪዱ ትምህርት አይወሰድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለጽኑ ኢንፍሉዌንዛ ስቴሮይድ እንዳይሰጥ፣ ጥብቅ ባይሆንም፣ መክሯል። ታካሚው አስም ተነሥቶበት ወይም ግፊቱ ወድቆ ከሆነ ስቴሮይዱ የሚሰጠው ለእነዚያ ነው። የቫይረሱ ዓይነት ሳይታወቅ፣ የኮቪድ ፈጣን ምርመራም ኔጌቲቭ ሆኖ ሲገኝ ውሳኔው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ጽኑ የሳንባ ምች ላለባቸው በቀን 200 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ሲሰጥ በ28 ቀን ሞት ከ11.9 ወደ 6.2 በመቶ መውረዱን አሳይቷል፤ ኢንፍሉዌንዛ የታወቀባቸው ግን ከጥናቱ ውጪ ነበሩ። ስለዚህ የባክቴሪያ ምች በሚመስል ጽኑ ታካሚ ላይ ከአንቲባዮቲክ ጋር ሃይድሮኮርቲዞን መጀመር ምክንያታዊ ነው። በአካባቢው ኢንፍሉዌንዛ በተስፋፋበት ሰሞን ግን እኔ እጄን እሰበስባለሁ።

ለስንት ቀን፣ እንዴትስ ይቆማል

ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ወይም ታካሚው ቀድሞ ከሆስፒታል ከወጣ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ነው። ለዚህ አጭር ጊዜ የወሰደ ሰው መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም፤ በአንድ ቀን ሊቆም ይችላል፤ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ከዚያ በፊት ለወራት ይወስድ የነበረ ከሆነ ግን ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል እንጂ አይቋረጥም። ኦክስጅን የማያስፈልገው ሆኖ ለሚወጣ ታካሚ የስቴሮይድ ማዘዣ አይጻፍለት። ታካሚው ከባሕር ዳር ወደ ወረዳው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ በሚመለስበት የሪፈር ወረቀት ላይ ደግሞ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠን በሚሊግራም፣ የተጀመረበትና የቆመበት ቀን፣ አይቨርሜክቲን መውሰድ አለመውሰዱና የመጨረሻው የስኳር ልኬት ይጻፍ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ከበፊቱ የባሰ ሳል ይዞት ሲመጣ የሚያየው ባለሙያ ስቴሮይድ መውሰዱን ካላወቀ ሕመሙን ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል።